ሌሊቱና መስኮቱ፤ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ በኢትዮጵያ

ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ግልገል በለስን አልፎ ማንቡክ ይደርሳል፤ ከማንቡክም ወደ ጉባ ይዘልቃል። ማንቡክ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር ከተማ ናት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ተነሥተው በበለስ ሸለቆ በፓዌ የሰፈሩት ወገኖችም ጎረቤቶቿ ናቸው። መንገዱ በሚያዘልቅበት በጉባ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ቆሟል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብሮ ጸጥ ስለሚለው ሙዚቃ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ነገሩን ከዚህ መንገድ ላይ ቢጀምር አላግባብ አይሆንበትም።

የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ በዛሬ መልኩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ፣ በተለይም በቺካጎና በዲትሮይት ከተሞች ነው። መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። ምትን ሳይደክም የሚደጋግመው የከበሮ መኪና፣ ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር፣ አንዱን ሸክላ ከሌላው ሸክላ ጋር ምቱ ሳይዛነፍ የሚያያይዘው የዲጄ ጠረጴዛ፤ ከእነዚህ ብዙም አያልፍም። ዘፋኝ ቢኖር ይዘፍናል፤ ባይኖርም ሥራው አይጎድልም፤ የሙዚቃው ባለቤት በወለሉ ላይ የሚጨፍረው ሕዝብ ነውና። ይህ ሙዚቃ ከምሽት ክበብ ወጥቶ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ አልፏል። የሙዚቃ ትርኢት ለማሳየት ብቻ የተቋቋመው ኤም.ቲ.ቪ. እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ 20 ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በካናዳ ቢ.ፒ.ኤም.፣ በእንግሊዝ ደግሞ ኤም.ቲ.ቪ. ዳንስ የተባሉ ለጭፈራ ሙዚቃና ለምሽት ክበብ ኑሮ የተለዩ ጣቢያዎች ተከፈቱ። የመጀመሪያው ስም የተወሰደው ከሙዚቃው ዋና መለኪያ፣ ማለትም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሚቆጠሩት ምቶች ብዛት ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጣቢያ አልነበረም። ብዙ ሰው ይህንን የሚተረጉመው ሙዚቃው ራሱ ለእኛ እንግዳ፣ ትናንት በስልክ የመጣ የወጣቶች ፋሽን በመሆኑ ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኢትዮጵያውያን በከበሮ መኪናና በሲንተሳይዘር የራሳቸውን ዜማ መጫወት ከጀመሩ 40 ዓመት አልፏል። ያልተገናኙት ሌሊቱና መስኮቱ ናቸው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ሙዚቃ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በአገር ፍቅርና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤቶች እጅ ነበረ። ጣቢያው ያሳየውም ይህንኑ ነው። ካሜራው ፊት ዘፋኙ ክራቫቱን አስሮ በማይክራፎኑ ፊት ይቆማል፤ ከኋላው ነፊዎቹ ተደርድረዋል፤ ተወዛዋዦቹ በልካቸው በተሠመረው መድረክ ላይ ይመላለሳሉ። ሙዚቃው ድንቅ ነበር፤ ጭፈራው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ውቤ በረሃ በሚባለው ሰፈርና በየሆቴሉ ምድር ቤት፣ ወጣቱ በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን እየታጀበ ትዊስቱንና ሶሉን ከእስክስታ ጋር ያዋህድ በነበረበት ቦታ፣ ካሜራ አልገባም። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የግሉን የሸክላ ኩባንያ ሲያቋቁም ያ የሌሊት ሙዚቃ በሸክላ ላይ ሰፈረ፤ እስከ 1970 ዓ.ም. አካባቢም 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎች ታትመዋል። ድምፁ ስለዚህ ተርፎልናል። ጭፈራውን ግን ዛሬ በዓይናችን ልናየው ብንፈልግ የምናገኘው ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ራሱ ተወሰደ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰዓቱ በየጊዜው ቢለዋወጥም ደርግ በሥልጣን ላይ በቆየበት ዘመን ከከተማው ሕዝብ ኑሮ አልተለየም። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ሕይወት ያስከፍል የነበረበትም ወቅት ነበረ። የምሽት ክበብ የሚኖረው ሰው ገብቶ በሚወጣበት ሰዓት ነውና ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የተረፉት ትልልቆቹ ሆቴሎች ናቸው። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክና በኋላም ሮሃ ባንድ በግዮን ይጫወቱ ነበር። የሒልተኑ ሁኔታ ደጋግሞ ተነግሯል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ የገባ አይወጣም፣ የወጣ አይገባም፤ ባንዱም ታዳሚውም እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እዚያው ናቸው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ሰዓት እላፊ ሌሊቱን አሳጠረ ስንል፣ በሩ በተዘጋባቸው አዳራሾች ውስጥ በአንፃሩ ሌሊቱን አስረዘመው ማለታችንም ነው። ቀድሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይጫወት የነበረ ባንድ አሁን እስኪነጋ መጫወት አለበት። ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚዘፍን ዘፋኝ የለም፤ ስለዚህ ዘፋኙ ሲያርፍ መሣሪያዎቹ ብቻቸውን ይቀጥላሉ፤ አንድ ዜማ ይረዝማል፣ ይደጋገማል፣ ምቱ ሳይቆም ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ከዚህም ሌላ ግጥም ሁሉ ለምርመራ ይቀርብ በነበረበት ጊዜ ቃል የሌለው ዜማ ለመርማሪ አይመችም። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረው «ቼ በለው» የተባለው ሥራ የዚያ ሌሊት ፍሬ ነው። በእኔ አስተያየት፣ ዛሬ በዲጄ ጠረጴዛ የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ጨፋሪውን ሳይለቁ እስከ ንጋት ማድረስን፣ የእኛ ሙዚቀኞች የተማሩት ከውጭ ሸክላ ሳይሆን ከተቆለፈ በር ነው።

በዚሁ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ምን ያሳይ ነበር? የየቀበሌው፣ የየከፍተኛውና የየክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን መድረኩን ይዞት ነበር። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓና በአሜሪካ የተዘዋወረው የሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ጉዞ የዚህ አሠራር ከፍተኛ ደረጃ ነው፤ ብቃቱን ማንም አይክደውም። በዓል ዋዜማ ሲሆን የታወቁ ዘፋኞች ከባንድ ጋር ይቀርባሉ፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ይሰበስባል። ሥርጭቱ በቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነው። አንድ ጣቢያ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ትርኢት፤ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሌሊት ጭፈራ ቦታ ሊያገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው።

የከበሮ መኪናው ወደ ኢትዮጵያ ዜማ የገባው ከአገር ውጭ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ያው ኤም.ቲ.ቪ. በተከፈተበት ዓመት፣ ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሎቹ አባላት እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ነው። በዋሺንግተን አካባቢ የስደተኛው ቁጥር እየጨመረ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም በየመንገዱ እየተከፈቱ ነበር፤ ስምንት ሰው ያለበትን ባንድ ለማቆም የሚበቃ ገበያ ግን አልነበረም። በዚያው ወራት፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ዲ.ኤክስ.7 የተባለውን ሲንተሳይዘር ለገበያ አቀረበ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንን መሣሪያ፣ ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የከበሮ መኪና ይዞ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ፤ ከእነርሱም ጋር በልጅነቱ የተጫወተውን አኮርዲዮን ይዞ ነበር። የወጣው ካሴት «ሸሞንሟናዬ» ነው። የአንድ ሰው ሥራ ነው። አኮርዲዮኑ እንደ ጥንቱ ይተነፍሳል፤ ከሥሩ የሚሄደው ምት ግን ሰው ያልመታው፣ የማይደክም፣ የማይፈጥን የመኪና ምት ነው።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በዚያው በዋሺንግተን አካባቢ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታና ዮሴፍ ተስፋዬ አድማስ በሚል ስም «የኢትዮጵያ ልጆች» የተባለውን ሸክላ አሳትመው ነበር። ወጣቶች ነበሩ፤ የድሮውን ዜማ በሲንተሳይዘርና በከበሮ መኪና ከጊዜው የጥቁር አሜሪካውያን ጭፈራ ምት ጋር አጋጠሙት። ሸክላው በጊዜው ብዙ አድማጭ አላገኘም፤ በዴንማርካዊ ስም የሚጠራ አንድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሲያወጣው ግን ዓለም አደነቀው።

የኃይሉም ካሴት ዕጣ ተመሳሳይ ነው። እርሱ ለብዙ ዓመታት በዋሺንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ከመኪናው ኋላ ያስቀመጠውን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ካሴቱን ከዘመናት በኋላ ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ነው፤ ያገኘውም በባሕር ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ታትሞ ሲወጣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ልብ ይሏል፤ በዋሺንግተን የተቀረጸው ሥራ 30 ዓመት ሊሆነው በተቃረበ ጊዜ የተገኘው ከጣና ዳር ነው። ካሴት ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን እንደ ጣቢያ ሆኖ አገልግሏል፤ አየር ላይ ያልዋለው ሁሉ በአውቶቡስ ተጭኖ ይደርስ ነበር።

በአገር ውስጥ መኪናው በክብር አልተቀበሉትም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ የተመለሰው ያለ ባንድ ነው። ነፊዎቹ አርጅተዋል ወይም ተሰደዋል፤ የሆቴል ባለቤት ለዐሥር ሰው ከሚከፍል ለአንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ለአንድ ዘፋኝ መክፈል ይመርጣል። ካሴት አሳታሚውም እንዲሁ። ከዚህ የተነሣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወጣው ሙዚቃ ብዙው የመኪና ከበሮና የኪቦርድ ነሐስ ያለበት ነው፤ አድማጩም «የድሮው ባንድ የት ሄደ?» እያለ ሲያማርር ኖረ። ወቀሳው እውነት አለው። የሰውን ድምፅ ለመተካት ብቻ የተጠቀሙበት መኪና የሰው ቅጂ ከመሆን አያልፍም። ሆኖም ሁሉም እንዲህ አልነበረም። ከአድማስ ባንድ ወደ አገሩ የተመለሰው አበጋዝ፣ በኋላም በገና ስቱዲዮን ያቋቋመውና በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ያረፈው ኤልያስ መልካ፣ መኪናውን እንደ ርካሽ ምትክ ሳይሆን እንደ ራሱን የቻለ መሣሪያ አድርገው ሠርተውበታል።

መኪናው ስለ ራሱ መናገር የጀመረው ግን ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ሥራዎቻቸውን በዋሺንግተን ባለ አንድ ትንሽ አሳታሚ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 አወጡ። ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰየሙት። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» እና እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ የወጣው «ዘላለም» የአዝማሪን ድምፅና የክርን ነዛሪነት ቆርጠው፣ አዘግይተው፣ በላዩ ምት አንጥፈው የተሠሩ ናቸው። ለአገር ውስጥ አድማጭ እንግዳ ነበሩ፤ ከአገር ውጭ የተጻፈላቸውን ያህል እዚህ አልተሰሙም። ሕዝቡን የደረሰው ሮፍናን ኑሪ ነው። ዲጄ ሆኖ የጀመረው ይህ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ራሱ ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ «ስድስት»ን ዩኒቨርሳል ከተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር አወጣ። የየብሔረሰቡን ምት ከከበሮ መኪናው ጋር ያገናኘበት መንገድ ሁሌ እኩል የተሳካ ባይሆንም፣ ወጣቱ በአማርኛ እየዘፈነ በዚህ ምት እንዲጨፍር ያደረገ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንመለስ፤ የክርክሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። በአሶሳ ዙሪያና ከድንበር ወዲያ በሱዳን ጥቁር ዓባይ አገር የሚኖሩት በርታዎች ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ፣ ቁም ነገር ያልሆነ ነገር ማለት ነው፤ የበርታው ዋዛ ግን ከዋዛ የሚቆጠር አይደለም። ቅልን ከቅል በመሰካት የሚሠራ ረዥም መለከት ሲሆን፣ ትልቁ የሰው ቁመት ሊያህል ይደርሳል። ዐሥርና ከዚያም በላይ ሰዎች አብረው ይነፉታል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ዜማውን ብቻውን የሚያውቅ መሣሪያ የለም፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው ዝም ይላል፣ ዝም ያለው ሲነፋ የመጀመሪያው ይጠብቃል፤ ዜማው የሚወለደው ከዚህ መፈራረቅ ነው። ዙሩ ይደጋገማል፤ ጨፋሪው በዙሪያው ይሽከረከራል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ተመራማሪ አርቱር ሲሞን በሱዳን በኩል ያሉትን የበርታ መለከትና ዋሽንት ቡድኖች አጥንቶ ይህንኑ አሠራር ጽፏል።

የከበሮ መኪናን አሠራር የሚያውቅ አንባቢ ይህንን ሲሰማ ይነቃል። መኪናውም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ጊዜ በእኩል ክፍል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት፣ ዙሩ ያለማቋረጥ ይመላለሳል። በርታዎች የከበሮ መኪናን ፈለሰፉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ኩራት ለማንም አይጠቅም። የምለው ይህ ነው፤ በድግግሞሽና በመፈራረቅ ላይ የቆመ፣ ዘፋኝን ሳይሆን ጨፋሪን መካከል ያደረገ ሙዚቃ ለዚህ ክልል እንግዳ ነው የሚል ሰው ክልሉን አላዳመጠም።

መስኮቱስ እንዴት አሳየው? ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በ2007 ዓ.ም. በአሶሳ ተከብሯል። በእንዲህ ያለው ቀን ዋዛ ነፊዎቹና የጉሙዝ ጨፋሪዎች በካሜራ ፊት ያልፋሉ። ያልፋሉ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሰልፍ ነውና ማለፍ አለባቸው። ተራው የሌላው ብሔረሰብ ነው። እስኪመላለስ ድረስ ካልተጠበቀ ግን የዋዛ ዙር ትርጉም የለውም። ከአንድ ደቂቃ ትርኢት ላይ ተመልካቹ የሚያስቀረው ልብሱንና መሣሪያውን እንጂ ሙዚቃውን አይደለም። ጉሙዙም ሆነ በርታው በዓመት አንድ ቀን ይታያል፤ በቀረው ጊዜ ስለ ክልሉ የሚነገረው የግድብ ወይም የግጭት ዜና ነው። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሞቷል፣ እጅግ ብዙ ሕዝብም ተፈናቅሏል። የተፈናቀለ ሰው ቤቱንና እህሉን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ አብሮት የሚጨፍረውም ሰው ይበተናል። ይህም በዋዛ ምሳሌ ሲታይ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ከዐሥሩ ነፊ አንዱ ሲጎድል ዜማው አይቀንስም፣ ይቀደዳል።

የስቱዲዮው ሥራም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ዛሬ አንድ ወጣት በአዲስ አበባ ተቀምጦ የዋዛን ድምፅ ከቪዲዮ ላይ ቆርጦ በከበሮ መኪናው ላይ ሊጭነው ይችላል፤ ውጤቱ ያማረ ሊሆን ይችላል። የቆረጠው ግን ብዙ ሰዎች ተከፋፍለው የያዙትን ነገር ነው፤ በሥራው ላይ ስማቸው የማይጻፈውም ለዚሁ ነው፤ ስሙ የታወቀ አንድ ደራሲ የለምና። ከጉባ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ በየደረጃው ይቆጠራል፤ ከአሶሳ የሚነሣውን ድምፅ የሚቆጥር የለም።

ቴሌቪዥኑ በበኩሉ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዝቷል። ኢ.ቢ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቃና በ2016 ተከፈቱ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ በየጣራው ላይ የሳተላይት ሳህን ተተከለ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለሌሊት ጭፈራ የተለየ አንድም የለም። የሙዚቃ ሰዓት አላቸው፤ የሚያሳዩት ግን ዘፋኙ በአበባ መካከል ወይም በተከራየው መኪና አጠገብ ሆኖ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስበትን ቪዲዮ ነው። በውጭ አገር ደግሞ ጊዜው አልፏል። የካናዳው ጣቢያ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ኤም.ቲ.ቪ. ዳንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ክለብ ኤም.ቲ.ቪ. ተብሎ ስሙ ከተለወጠ በኋላ በ2025 መጨረሻ ሥርጭቱን አቆመ። ተመልካቹ ወደ ስልኩ ሄዷል።

እንደ ማንቡክ ባሉ ከተሞችም ሙዚቃው የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኔትዎርክ ሲኖር በዩቲዩብ፣ ሳይኖር ደግሞ በሚሞሪ ካርድ። በየገጠሩ ከተማ የሙዚቃ ቤት ኮምፒዩተር አለ፤ ገበያ የወጣው ወጣት ካርዱን ያስረክባል፤ ባለሱቁም ከየቋንቋው የሚበጀውን መርጦ ይጭንለታል። የአማርኛው ከኦሮምኛው፣ የሱዳኑ ከአዲስ አበባው ጋር ይገባል፤ የአካባቢውም ሠርግ በስልክ የተቀረጸ ካለ አብሮ ይጫናል። ዋጋው በዘፈን ብዛት ይታሰባል፤ ካርዱ ከሞላ ደግሞ ከነበረው የትኛው ይጥፋ ብሎ ባለሱቁ ይጠይቃል።